ባለ አምፖሉ አምፕሊፋየርና የዘምዘም ደጋን

ተረት ልንገራችሁ፣ ጆሯችሁን አውሱኝ። አስቀድሜ ግን ላስጠንቅቃችሁ፤ ተሳስቼ አስታውሼው ሊሆን ይችላል። የሰማሁት ከአጎቴ ነው። በተረቱ ውስጥ ያለችው ድመት ግራጫ ነበረች ወይስ ቡራቡሬ፣ አሁን እርግጠኛ አይደለሁም። ቡራቡሬ ናት ብዬ ልቀጥል።

ዕቃ ሁሉ አፍ በነበረው ዘመን፣ ደሴ ውስጥ ይማም የሚባል ሸክላ ማዳመጥ የሚወድ ሰው ነበር። መደርደሪያው ላይ አንድ ሸክላ ማጫወቻ፣ ሁለት ስፒከሮችና አንድ አሮጌ አምፕሊፋየር ነበሩት። አሮጌው አምፕሊፋየር ድምፅ የሚያጎላው በአራት የመስታወት አምፖሎች ነበር። አምፖሎቹ ሲሞቁ በብረት ክዳኑ ቀዳዳ እንደ ፍም ቀልተው ይታያሉ። ደሴ ብርድ ናት፤ ስለዚህ ቡራቡሬዋ ድመት ከክዳኑ ላይ አትወርድም ነበር።

አንድ ቀን ይማም አዲስ አምፕሊፋየር ይዞ መጣ። ቀጭን፣ ጥቁር፣ ቀዝቃዛ፤ አምፖል የለው፣ ሙቀት የለው። መደርደሪያው አልበቃ ስላለው ከጎኑ በርጩማ ላይ አስቀመጠው። ለእህቱ ለዘምዘምም፣ ሁለቱን ሦስት ቀን እንደሚያወዳድር፣ የተሸነፈውንም ፈትቶ ለመለዋወጫ እንደሚያደርገው ነገራት።

አሮጌው ይህን ሲሰማ አምፖሎቹ ራዱ። ሃያ ዓመት ዘፍኜ በትናንት ቆርቆሮ ተሸንፌ ልፈታ ነው ብሎ ቀና። ቅናቱ ከአምፖሎቹ ይበልጥ አቃጠለው።

በመጀመሪያው ቀን ይማም የሁለቱንም የድምፅ ቁልፍ አምስት ቁጥር ላይ አደረገ። ጥንቁቅ ሰው ነው፤ አድልዎ አይወድም። የማሲንቆ ሸክላ አጫወተ። አዲሱ ጎላ ብሎ ተሰማ። ይማምም ግድግዳው ላይ ለአዲሱ በጠመኔ አንድ ሰረዝ አሰመረ።

እሱ ለሶላት ሲወጣ አሮጌው የሸክላ ማጫወቻውን መርፌ ለመናት። ነገ ተራው የአዲሱ ሲሆን ሸክላውን ቧጭሪልኝ አላት።

መርፌዋም፣ “እኔ የማውቀው የሸክላውን መንገድ ብቻ ነው። ከመንገዴ ከወጣሁ የምሰበረው እኔ ነኝ” አለችው።

አዲሱ ከበርጩማው ላይ ሰምቶ ሳቀ። “አያ ፋኖስ፣ አይዞህ። ቢፈቱህም ለወጥ ማሞቂያ ትሆናለህ።”

በሁለተኛው ቀን አሁንም ሁለቱም አምስት ላይ ሆኑ። የክራር ሸክላ ተጫወተ። አሁንም አዲሱ ጎላ ብሎ ተሰማ፤ ሁለተኛው ሰረዝ ተሰመረ።

ይማም ሲወጣ አሮጌው ድመቷን ለመናት። “እመት ድመት፣ ስንት ክረምት አሙቄሻለሁ። የዚህን ቆርቆሮ ሽቦ ንቀይልኝ።”

ድመቷ ውለታ አትክድም፤ ሽቦውን ነቀለችው። ይማም ግን ተመልሶ ሲያየው፣ ድመት ስትጫወት ነው ብሎ ሰካውና ነገሩ በዚያው አለቀ።

በሦስተኛው ቀን ዝናብ ጣለ። ግቢው ውስጥ ጥጥ ስትነድፍ የሰነበተችው ዘምዘም ጥጧንና ደጋኗን ይዛ ወደ ቤት ገባች። የደጋኑን ጅማት እየመታች ጥጡን ታፍታታለች፦ ድም፣ ድም፣ ድም። ይማም ሁለቱን ቁልፎች እንደ ልማዱ አምስት ላይ አድርጎ የከበሮ ሸክላ አጫወተ።

አሮጌው ማንም እንደማይረዳው ባወቀ ጊዜ፣ እንግዲያውስ እጮሃለሁ አለ። ከአቅሙ በላይ ተንጠራራ። ድምፁ ሻከረ፣ አንዱ አምፖሉም ጠቆረ።

ይማም፣ “አርጅቷል” አለና ሦስተኛውን ሰረዝ አሰመረ። መፍቻውንም አነሳ።

ዘምዘም ከጥጧ ቀና ሳትል፣ “አንተ ይማም፣ ገበያ ላይ የጮኸ ሁሉ እውነት ተናገረ ትላለህ?” አለችው።

“እታለም፣ ሁለቱንም እኮ አምስት ላይ ነው ያደረግኋቸው።”

“ያንተ ስንዝርና የእኔ ስንዝር እኩል ነው? ሁለታችንም ግን አንድ ስንዝር እንላለን። ቁጥሩን ተወው። እኔ ደጋኔን እመታለሁ። ዘፈኑ ደጋኔን ሳይውጥ፣ ደጋኔም ዘፈኑን ሳይውጥ፣ እኩል ሲሰሙህ ቁልፉን እዚያው ተው።”

እንዳታይም ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ድም፣ ድም፣ ድም። በደጋኑ ልክ ሲመጣ አዲሱ አራት ላይ ቆመ፤ አሮጌው እስከ ሰባት ሄደ።

ዘምዘም ሁለቱንም ሰማች። የፊተኛው ደህና እንደሆነ ተናገረችና፣ “የኋለኛው ግን ያንኮራፋል፤ ጉንፋን ይዞታል እንዴ?” አለች።

ይማም ክዳኑን ከፈተ፤ የጠቆረውን አምፖል አየ። ከሣጥኑ ሌላ አምጥቶ ቀየረው። እንደገና በደጋኑ ልክ አሰማት። የቱ ነው አሮጌው ብሎ ሦስት ጊዜ ጠየቃት፤ ሁለቱን ጊዜ ተሳሳተች። ይማም አፍሮ የጠመኔውን ሰረዝ በእጅጌው ጠረገ። መፍቻውን አስቀመጠ፤ ሳንቃ ፈልጎም መደርደሪያውን አሰፋ።

ሁለቱ ጎን ለጎን ሲሆኑ አሮጌው እፍረት ያዘው። ደጋኑ እኩል ሲያደርጋቸው እሱን ያዋረደው ራሱ ያቃጠለው አምፖል ብቻ ነበር። ሽቦህን ያስነቀልኩት እኔ ነኝ ብሎ ለአዲሱ ተናዘዘ።

 “እኔም ስቀና ነው የሰነበትኩት” አለው አዲሱ። “ሦስት ቀን ሙሉ ድመቷ አንዴ እንኳ ትመጣለች ብዬ ስጠብቅ ነበር።”

ድመቷ ሰማች፤ አዘነችም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ገላዋን በአሮጌው ላይ አሳርፋ፣ ለአዲሱ ጅራቷን ትሰጠው ጀመር።

የጎረቤቱን መብራት ሊያጠፋ የተነሳ፣ የራሱን አምፖል ያቃጥላል።

ተረቴን ተረከቡኝ፤ ያጎደልኩትን ሙሉልኝ። አንዱን ነገር ግን በኋላ አረጋግጫለሁ። አሮጌና አዲስ አምፕሊፋየር ጎን ለጎን አድርጌ፣ የሁለቱንም ቁልፍ አምስት ላይ አቁሜ፣ ድምፃቸውን በመለኪያ ስድስት ጊዜ ለካሁ። ስድስቱንም ጊዜ አዲሱ ይበልጥ ጮኸ፤ ዘምዘም እንዳለችው፣ ቁጥሩ እኩል ቢሆንም ድምፁ እኩል አልነበረም።