የሀብት ቀያሹ ማጫ

የእህቴ ልጅ ባለፈው ሰሞን ሥራ ጀመረ። ሥራህ ምንድን ነው ብዬ ብጠይቀው «የፋይናንስ አማካሪ» አለኝ። ቤቴ ድረስ መጥቶ ላፕቶፑን ከፈተና ጡረታዬ፣ ያቺ ከወር ወር የማታደርሰኝ ማለት ነው፣ በሃያ ዓመት ውስጥ ስንት እንደምትሆን አሳየኝ። እኔ ሰባ አንድ ዓመቴ ነው። ቁጥሩን አየሁና አንዲት የአባቶች አባባል ጣል አደረግሁበት። ሳቀብኝ። «ጋሼ፣ እሷ እኮ ተረት ናት» አለ። ተረት ናት ይበለኛ፤ ተረትም መነሻ አለው። ይህቺኛዋ ደግሞ የመጣችው ከሱው ከሙያ ባልደረባው ነው። ስለዚህ ላፕቶፑን አስከድኜ ነገርኩት፤ እናንተም ስሙ።

ነገሩ የሆነው በጠገራ ብር ዘመን፣ ቋሪት ውስጥ ነው። ቢያድግልኝ የሚባል ጎረምሳ ደብረ ማርቆስ ሄዶ አንድ የጨው ነጋዴ ዘንድ ሦስት ዓመት በጸሐፊነት ሠራና ወደ አገሩ ተመለሰ። ሲመለስ እርፍ መጨበጥ አስጠላው። እጁ ብዕር ለምዷል፣ ምን ያድርግ። አንድ እሁድ ሰዉ ከቅዳሴ ሲወጣ ጠበቀና ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውጪ ድንጋይ ላይ ቆመ።

«መሬት ቀያሽ አይታችኋል» አለ። «እኔ ደግሞ የሀብት ቀያሽ ነኝ። ያላችሁን ንገሩኝ፣ ወደፊት የሚኖራችሁን እነግራችኋለሁ።»

«ጠንቋይ ሆንኩ በለና» አለው አንዱ።

«ጠንቋይ ይገምታል፤ እኔ አሰላለሁ።»

ይህን ሥራ እንዲሁ በጥጋብ አልጀመረውም። የባላምባራስ ዋሴን ልጅ ትርንጎን ይወዳት ነበር፤ እንቅልፍ እስኪያጣ ድረስ ነበር የሚወዳት። እሷም አልጠላችውም። ችግሩ ማጫው ነው። በዚያ አገር ማጫ ማለት ሁለቱ ወገን እኩል የሚያዋጣው የጎጆ መውጫ ነው። ወንዱ አንድ በሬ ካለ የሴቷም አባት አንድ በሬ ይላል፤ ባዶ እጁን የመጣ ግን ባዶ እጁን ይመለሳል። በባላምባራስ ደጅ ደግሞ አራት በሬ ያለው ሌላ ጠያቂ ቆሟል። ስለዚህ ለቢያድግልኝ ቀን ቆረጡለት።

«የጥምቀት ማግስት ማጫህን ይዘህ ና» አሉት። «ካልመጣህ ልጄን ለባለ በሬው እድራለሁ።»

የመጀመሪያዋ ደንበኛው ወይዘሮ አሰለፈች ነበሩ። ባላቸው ሞቷል፣ ሀብታቸው አንዲት ጊደር ናት፣ አፋቸው ግን ለመንደሩ ሁሉ ይበቃል። ቢያድግልኝ ደጃቸው ላይ ቁጭ ብሎ ወረቀቱን ጉልበቱ ላይ ዘረጋ።

«ጊደርዎ በሁለት ዓመት ሁለት ትሆናለች» አለ። «ሁለቱ አራት፣ አራቱ ስምንት ይሆናሉ። እንዲህ እያለ በአሥረኛው ዓመት፣ እመይቴ፣ ሠላሳ ሁለት ላም ይኖርዎታል።»

በዚያ ሒሳብ ውስጥ ወይፈን የሚባል አልተወለደም። ጅብም የለም፤ አባ ሰንጋም ወደዚያ ወረቀት ድርሽ አላለም። ወይዘሮ አሰለፈች ግን አንዱንም አንስተው አልተከራከሩትም። ይልቅ በአድናቆት ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ለድካምህ ስንት ልክፈልህ ልጄ?»

«አንድ ጠገራ ብር ይበቃኛል።»

«አንድ ብር? ነውር አይደለም እንዴ? ሠላሳ ሁለት ላም የሰጠኝን ሰው በአንድ ብር ልሸኘው? ከሠላሳ ሁለቱ አንዷን መርጠህ ውሰድ። ነጭዋን ከወደድክ ነጭዋን።»

ቢያድግልኝ ወረቀቱን አጠፈ። «ብሩ ቢሆን ይሻለኝ ነበር፣ እመይቴ።»

«ምነው፣ ሒሳቡን ተጠራጠርከው እንዴ?»

እንግዲህ ምን ይበል? አልፈልግም ቢል የገዛ ወረቀቱን ሊያረክስ ነው። አመስግኖ ላሚቱን ተቀበለና በያዘው መዝገብ ላይ በስሙ ጻፋት።

ወሬ መቼ ይቀመጣል፤ በሳምንቱ አገሩ ሁሉ አከፋፈሉን ለመደው። ፍየል ያላቸው በአምስተኛው ዓመት ከሚወለዱት ፍየሎች አራቱን ቃል ገቡለት። ንብ አናቢው ገና ካልተሰቀሉት ቀፎዎች ሁለቱን መረቀለት። ኅዳር ላይ ቢያድግልኝ በመዝገቡ አንድ ላም፣ አራት ፍየልና ሁለት ቀፎ የያዘ ሰው ነበር፤ እራቱን የሚበላው ግን እናቱ ቤት ነው። እናቱ አንድ ቀን «ከዚያ ሁሉ ሀብትህ ቅቤ ቢጤ አታመጣልኝም ወይ?» ብትለው «እማ፣ ዋናው አይነካም» አላት። የሚያሳዝነው፣ ሲያላግጥ እንዳይመስላችሁ፤ ከልቡ አምኖ ነው።

የጥምቀት ማግስት የባላምባራስ ደጅ በሰው ሞላ። ቢያድግልኝ አያ ሙላት የሚባሉ ሽማግሌ ይዞ መጣ። የዚያ አገር ሽማግሌ ላኪውን ተክቶ ነው የሚናገረው፤ «እኔ» ሲል የላከውን ሰው ማለቱ ነው። አያ ሙላትም የሚያውቁት ቢያድግልኝ ከመዝገቡ ያነበበላቸውን ብቻ ነበር። ተነሥተው በትራቸውን ተደገፉ።

«እኔ ቢያድግልኝ ለማጫዬ ላም አንድ፣ ፍየል አራት፣ ቀፎ ሁለት አለኝ» አሉ።

ሰዉ ተያየ። የባላምባራስ ፊት በራ፤ እውነቱን ለመናገር ባለ በሬውን እሳቸውም አይወዱትም ነበር። ትርንጎ ከበሩ መጋረጃ ጀርባ ሆና ደስታዋን መደበቅ አቅቷት አፏን በነጠላዋ ሸፈነች።

«እኔም በላሟ ላም፣ በፍየሉ ፍየል፣ በቀፎው ቀፎ» አሉ ባላምባራስ። «እንግዲህ ከብቱ በዓይን ይታይ። ላሟ የት ናት?»

«ወይዘሮ አሰለፈች ዘንድ ናት» አለ ቢያድግልኝ።

ወይዘሮ አሰለፈች ከሴቶቹ መሀል ብድግ አሉ። «እኔ ዘንድ ያለችው ጊደር ናት፤ እሷም የኔ ናት» አሉ። «የሱ ላም የጊደሬ የልጅ ልጅ ናት፤ ምናልባትም የልጅ ልጅ ልጅ። እሱን ጠይቁት፣ ያሰላው እሱ ነው።»

«መቼ ትወለዳለች?» አሉ ባላምባራስ።

«በአሥረኛው ዓመት» አለ ቢያድግልኝ፣ ድምፁ እየቀጠነ።

«እስከዚያስ የት ናት?»

«ያው ያልተወለደ ፍጥረት ከፈጣሪ ዘንድ ነው እንጂ የት ይሆናል፣ ጌታዬ» አለና ሳያስበው ጣቱን ወደ ላይ ቀሰረ።

ደጁን የሞላው ሰው በሙሉ አንገቱን አቅንቶ ወደ ላይ አየ። የጥር ሰማይ ነው፣ ደመና እንኳ የለበትም።

«ፍየሎቹስ?»

«እነሱም እዚያው ናቸው» አሉ ወይዘሮ አሰለፈች።

ባላምባራስ አልሳቁም። «መልካም» አሉ ጺማቸውን እያሻሹ። «ማጫ እኩል ነው፤ እኔም እኩል ላድርግ። የጊደሯን የልጅ ልጅ ካመጣህልኝ እኔም የትርንጎን የልጅ ልጅ እድርልሃለሁ። ሠርጉን ላሟ የተወለደች ዕለት እንደግሳለን።»

ሰዉ ሆዱን ይዞ ሳቀ። ቢያድግልኝ ግን መዝገቡን ገልጦ ገጹን ለያንዳንዱ ሰው ማሳየት ጀመረ። «ሒሳቡ ልክ ነው» ይላል፣ «ደምሩትና እዩ፣ አንድም አልተሳሳትኩም።» አሁን ሳስበው አንጀቴን ይበላኛል፤ እውነቱን ነው፣ ድምሩ ላይ ስህተት አልነበረም።

ያን ጊዜ ትርንጎ መጋረጃውን ገልጣ ወጣች። ዓይኗ ቀልቷል።

«አንዲት ግልገል እንኳ ጎትተህ ብትመጣ አባቴን እሟገትልህ ነበር» አለችው። «አሁን ምኑን ይዤ ልሟገት?»

መልሱን ሳትጠብቅ ተመልሳ ገባች። ቢያድግልኝ መዝገቡን አጥፎ ብብቱ ውስጥ ከተተ። ባለ በሬው ከወዲያ ሆኖ ጋቢውን ማስተካከል ጀመረ።

ባላምባራስ ወደ ሽማግሌው ዞሩ። «አያ ሙላት፣ የተላኩበትን ቃል ገና አልዘጉም። ላኪዎ ላም አለው ወይስ የለውም? የመጨረሻውን ይናገሩና እንለያይ።»

አያ ሙላት የላካቸውን ልጅ አዩት፣ ቀና ብለው ያን ባዶ ሰማይ አዩት፣ ከዚያም እንደ ደንቡ ላኪያቸውን ተክተው «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» አሉ።