ሰማይ ሰማይ ያየው የአያ ጅቦ መብራት

አንድ ጊዜ አያ ጅቦ ሞተር ሳይክል ነበረው። ገበያ ደርሶ የሚመለስ ተራ ሞተር እንዳይመስላችሁ፤ አገር አቋራጭ ነው። ወንበሩ እንደ መደብ የሰፋ፣ ግራና ቀኝ ሳጥን የተገጠመለት፣ ከኋላው ደግሞ ሌላ ትልቅ ሳጥን ያዘለ። ጅቦ ይህን ሞተር እንደ ዓይኑ ብሌን ነበር የሚጠብቀው። በእግሩ ሲሄድ «ወግድ!» ይሉት የነበሩ አውሬዎች፣ ሞተር ላይ ካዩት ወዲህ «እንደምን ዋልክ፣ አያ ጅቦ» ማለት ጀምረው ነበርና።

አንድ ቀን ጌታ አንበሶ አስጠራው።

«የልጄ ሠርግ ደርሷል» አለው። «ቆላ ወርደህ ለአማቾቼ ቀኑን ትነግርልኛለህ። ቀን ቀን ሐሩር ነው፤ ዛሬ ጀንበር ስታዘቀዝቅ ተነሣ።»

«አሁኑኑ ልብረር፣ ጌታዬ!»

«ቆይ፣ አትብረር። መጀመሪያ መብራትህን አስተካክል። ባለፈው ሰሞን የሽማግሌውን ከርከሮ ዓይን አጥበርብረህ እሾህ ውስጥ ከትተኸዋል። ምስኪን፣ እስከ ዛሬ ቁጭ ሲል ያቃስታል። ዳግመኛ በመንገዴ ላይ የማንንም ዓይን ብታጥበረብር፣ ሞተሩን እነጥቅህና በእግርህ ትቀራለህ።»

ጅቦ «በእግርህ» የምትለዋን ቃል ሲሰማ ጆሮው ተንጠለጠለ። እጅ ነሥቶ ወጣ። ሲወጣ ግን በደጅ አልወጣም፤ በጓሮ ነው። በጓሮ በኩል የሠርጉ ሥጋ የተሰቀለበት ጎጆ አለ። ጅቦ ግራ ቀኙን አየና ሁለት የበሬ ታፋና አንድ ትልቅ የበግ ላት አወረደ። ጎትቶ ጎትቶ ከመንገዱ ዳር ቁልቋል ሥር ሸሸጋቸው። ከዚያ ከንፈሩን እየላሰ ወደ እመት ቀበሮ ጋራዥ ሄደ።

የእመት ቀበሮ ጋራዥ ገደል ሥር ያለች ደልዳላ ሜዳ ናት። የገደሉ ድንጋይ እንደ ግድግዳ ቀጥ ያለ ስለሆነ፣ መብራት የምታስተካክለው በእሱ ላይ እያበራች ነው።

«እመት ቀበሮ፣ ቶሎ በይ! የጌታ መልእክተኛ ነኝ!»

«የቸኮለች አፍሳ ለቀመች፣ አያ ጅቦ። ሞተርህን ወደ ገደሉ አዙረህ አቁመው።»

ጎማዎቹን ነፋች። የመብራቱን ከፍታ ለካችና በዚያው ልክ ድንጋዩ ላይ በከሰል ምልክት አደረገች። ከዚያ ካቻቢቴዋን አንሥታ፣

«በል እንግዲህ፣ ይዘህ የምትሄደውን ሁሉ ጫንና ተቀመጥበት» አለችው።

«መብራቱ ፊት፣ ጭነቱ ኋላ! ምን አገናኛቸው?»

«ሞተር እንደ ጠገበ ሰው ነው፤ ኋላው ሲከብድ አፍንጫውን ወደ ሰማይ ይሰቅላል። አፍንጫው ሲሰቀል መብራቱም አብሮ ይሰቀላል። ያን ጊዜ አንተ መንገዱን አታይም፣ ከፊትህ የሚመጣው ደግሞ ዓይኑ ይጠፋል። ስለዚህ መጀመሪያ ጭነቱ፣ ከዚያ ካቻቢቴው። ምን ትጭናለህ?»

ጅቦ ምራቁን ዋጠ። «ምንም።»

«ስንቅስ?»

«ጾም ላይ ነኝ።»

ቀበሮ ቀና ብላ አየችው። «የምን ጾም?»

«የ... የግል።»

«ቆላ እኮ ሩቅ ነው፣ አያ ጅቦ። አንዲት አጥንት እንኳ?»

«አጥንት የሚባል ነገር አታንሺብኝ! ነፍሴን ላድንበት!»

እመት ቀበሮ በጢሙ ላይ የጮማ ወዝ አየች። አየችና ዝም አለች፤ ዝም ማለት ከሥራዎቿ ሁሉ አብልጣ የምትችለው ሥራ ነው። ጅቦን ባዶ ሞተር ላይ አስቀምጣ ከመብራቱ ሥር ያለውን ብሎን አላላች፣ ብርሃኑን ከከሰሉ ምልክት ጥቂት ዝቅ አደረገች፣ መልሳ አጠበቀች።

«ይኸው፣ ተስተካክሏል። ግን ልብ በል፤ እኔ ያስተካከልኩት ለነገርከኝ ሸክም ነው። ያልነገርከኝ ካለ፣ መብራቱ እኔን አይሰማም።»

«ተጨቃጫቂ» አላት ጅቦ በልቡ። በአፉ ግን «እግዜር ይስጥልኝ» ብሎ ሄደ። እመት ቀበሮም ጋራዧን ዘጋችና ወደ ጌታ አንበሶ ግቢ አዘገመች።

ጀንበር ጠለቀች። ጅቦ ከቁልቋሉ ሥር ሁለቱን ታፋ አውጥቶ በጎን ሳጥኖቹ፣ ላቱን በኋላው ሳጥን ጠቀጠቀ። ተቀመጠ። የሞተሩ ሞላ «ሲጥ» ብሎ ተጨመቀ፤ ፊቱም ቀና አለ። መብራቱን ሲያበራ መንገዱ ድርግም አለበት፤ የዛፎቹ ጫፍ ግን ቀን መሰለ።

አንድ ጉሬዛ ከዋርካ ላይ እንቅልፉን ጥሎ ተነሣ። «ነጋ እንዴ?»

ቆቆቹም ነጋ ብለው መዝፈን ጀመሩ።

«ዝም በሉ፣ አልነጋም! ጅቦ ነው!» አለ ጉሬዛው ዓይኑን ሸፍኖ።

ጅቦ ወረደና መብራቱን በጥፊ መታው። «ወደ ታች እይ እንጂ! ሰማይ ቤት ማን አለህ?» መብራቱ ግን ሰማዩን እንዳየ ቀረ። ያን ጊዜ የቀበሮ ነገር ትዝ አለው፤ ኋላው ከብዷል። «ሥጋውን ብጥለውስ?» አለ ለራሱ፤ አለና ደነገጠ። «ምን ነካኝ? ከምጥለው በልቼ አቀልለዋለሁ!» አንዱን ታፋ እስከ አጥንቱ በላው። አጥንቱንም በላው። ከዚያ ደስ ብሎት ሞተሩ ላይ ወጣ። ሥጋው ከሳጥን ወደ ሆድ ተዛወረ እንጂ ከሞተሩ መቼ ወረደ? መብራቱ አሁንም ቆቆቹን ያስዘፍናል።

እንዲሁ እየዳበሰ ሲወርድ፣ ከታች እትዬ አህዪት የሠርጉን ዱቄት ጭና ከወፍጮ ትመጣለች። ኩርባው ላይ ተገናኙ። ብርሃኑ ዓይኗን መታት።

«ኧረ ዓይኔን!» ብላ ዘወር ስትል እግሯ ከመንገድ ዳር ሳተና ቦይ ውስጥ ገባች፤ ከረጢቷም ተቀደደ። ጅቦም ኩርባውን መቼ አይቶት፤ ተከትሏት ዘው አለ። እሱ በጭቃው ላይ ተዘረጋ፣ ሞተሩ ከቦዩ ጫፍ ተደገፈ፣ መብራቱም ሳይጠፋ ቀረ።

ጅቦ ቀና ሲል ምን ይይ? በብርሃኑ መካከል ከጆሮዋ እስከ ሰኮናዋ ነጭ የሆነች፣ ዝም ብላ እሱን የምታይ ፍጥረት። አህዪት ዝም ያለችው አፏ ዱቄት ስለሞላ ነው። ጅቦ ግን በግንባሩ ተደፋ።

«እግዚኦ! መልአክ ሆይ፣ ማረኝ! የጌታ አንበሶን ሥጋ የወሰድኩት እኔ ነኝ! ሁለት ታፋ... አንዱን በልቼዋለሁ። ላቱ አለ፣ አልነካሁትም! ጾሙም ውሸት ነው!»

አህዪት ግራ ገብቷት ጆሮዋን አቆመች። ጅቦ «ጨምር» ያለችው መሰለው።

«እሺ፣ እሺ! ዓምና የጠፋው የበቅሎ ኮርቻም እኔ ሆድ ውስጥ ነው! ከነርካቡ!»

ለመካኒክ ያልተናገረውን ለአህያ ተናዞ ጨረሰ። ይህን ጊዜ አህዪት አስነጠሳት። ዱቄቱ ቡን ሲል ግራጫው ጆሮ ብቅ አለ።

ጅቦ ዘሎ ተነሣ። «አንቺ ነሽ እንዴ?» ጥርሱን አገጠጠ። «መልአክ ነኝ ብለሽ ምስጢሬን የሰማሽ!»

«እኔስ አንዲት ቃል ተናግሬያለሁ?» አለች አህዪት ወደ ኋላ እያፈገፈገች።

«እኔም ሰምቻለሁ» አለ አንድ ወፍራም ድምፅ ከመንገዱ ላይ።

ጌታ አንበሶ ነበር፤ ከጎኑ እመት ቀበሮ። ቀበሮ ቀድማ ግቢው ደርሳ፣ መብራቱ ዛፍ ዛፉን ሲያይ አሳይታው ነበር። «ባዶ ሞተር እንዲህ አያይም፤ የጎጆውን ሥጋ ቢያስቆጥሩ» አለችው። አንበሶ ሥጋው መጉደሉን አየ፤ ከዚያ ብርሃኑን ተከትሎ በእግሩ ደረሰ።

«ጌታዬ፣ መብራቱ ነው! ቀበሮ ናት ያበላሸችው!» አለ ጅቦ።

ቀበሮ ሞተሩን አስወጥታ መንገዱ ላይ አቆመች፣ የቀረውን ታፋና ላቱን አወጣች። ሞላው ተነፈሰ፤ መብራቱም ከዛፍ ላይ ወርዶ ቀስ ብሎ መንገዱ ላይ አረፈ።

«ቃሌ ቃል ነው» አለ አንበሶ። «የሠርጉን መልእክት አህዪት ታድርስ፤ ሞተሩም የእሷ ይሁን። ጅቦ ሥጋውንና የተረፈውን ዱቄት ተሸክሞ ግቢዬ ያግባ።»

አህዪት ዱቄቷን አራግፋ እያፈረች ወጣች።

«ምን ትጭኛለሽ?» አለቻት ቀበሮ ካቻቢቴዋን አውጥታ።

«ነጠላዬን። ጥቂት ገብስ። ደግሞ...» ድምፅዋን ዝቅ አደረገች፤ «ቆላ ላለች የእህቴ ልጅ የያዝኳት አንዲት ሸንኮራ አገዳ አለች። እሷንም ልናገር?»

«እሷንም ተናገሪ።»

አገዳዋም ተጭና መብራቱ ተስተካከለ። አህዪት ወደ ቆላ ስትወርድ ብርሃኑ ከፊቷ ጠጠሩን ሳይቀር እያሳየ ይሄድ ነበር፤ ከታች የሚመጡት መንገደኞችም ዓይናቸውን ሳይሸፍኑ «በሰላም ግቢ» ይሏታል።

ጅቦ በእግሩ ዳገቱን ያዘ። ከዋርካው ላይ ጉሬዛው ጮኸበት፦

«አያ ጅቦ! ዛሬስ ምን ተሸክመሃል?»

ጅቦ «ምንም» ሊል አፉን ከፈተ። ቆመ። ወደ ሰማይ አየ፣ ወደ ኋላውም አየ።

«አንድ ታፋ፣ አንድ ላት፣ ግማሽ ከረጢት ዱቄት» አለ ቀስ ብሎ። «እስካሁን አልቀመስኩም።»

ከዚህ የምንማረው፣ ሸክሙን ሊያቃናለት ከሚችለው የሸሸገ ሰው፣ የገዛ መብራቱ እንኳ ለሌላው ያጋልጠዋል እንጂ ለእርሱ መንገዱን እንደማያሳየው ነው።