ለአንድ ዓሣ የሚደርሰው

አንድ ሐይቅ ነበር። በዳርቻው ያለችው ከተማ ከእሱ በልታ፣ ከእሱ ለብሳ፣ ልጆቿን ከእሱ አስተምራ ኖረች። ኋላ ግን ዓሣው እያነሰ መጣ። ድሮ ቆሮሶ የሚባለው ዓሣ ሞልቶት የሚወጣው መረብ ጭቃና ሣር ይዞ ይወጣ ጀመር። የሚያዘውም ዓሣ ቢሆን ከመዳፍ የማይበልጥ ጫጩት ነበር።

አጥማጆቹ ተሰብስበው ተከራከሩ። የማኅበሩ ሊቀ መንበር አቶ ደቻሳ፣ «ሐይቁ ይዘጋ። ዓሣው እስኪመለስ አንድም መረብ አይግባ» አሉ።

ቡልቻ የሚባል አጥማጅ ከመቀመጫው ተነሣ። «አቶ ደቻሳ፣ እርስዎ ልጆችዎን ድረው ጨርሰዋል። የእኔዎቹ ገና እጅ እጄን ነው የሚያዩት። ሐይቁ ሲዘጋ ምን ላብላቸው?»

ሁለቱ ሰዎች ለዓመታት በአንድ ጀልባ አብረው ያጠመዱ ናቸው። ከዚያ ስብሰባ በኋላ ግን ሰላምታ መለዋወጥ ተዉ። ከተማውም «ይዘጋ» እና «አይዘጋ» በሚል ለሁለት ተከፈለ።

በከተማው ኮሌጅ ሒሳብ የምታስተምር ሉባባ የምትባል ሴት ነበረች። የአጥማጅ ልጅ ናት። አቶ ደቻሳ አንድ ቀን ቤቷ ድረስ ሄዱና፣ «ልጄ፣ እኛ በጩኸት ልንግባባ አልቻልንም። አንቺ ተምረሻል። ይህ ዓሣ ይመለሳል ወይስ አይመለስም? የሚመለሰውስ ምን ብናደርግ ነው? በቁጥር ንገሪንና እንታረቅ» አሏት።

ሉባባ እሺ ብላ ሥራውን ጀመረች። ነገሩ ቀላል መስሏት ነበር። ዓሣን የሚወልደው ዓሣ ነው፤ ስለዚህ የሚጨምረው ባለው ልክ ነው። ሲበዛ ደግሞ ለምግብ ስለሚሻማ ብዛቱ ራሱ ዕድገቱን ይገታዋል። መረቡም ዓመቱን ሙሉ አንድ ዓይነት አይደለም፤ በጾም ወራት ገበያው ስለሚደራ ይበዛል፣ በሌላው ጊዜ ያንሳል። ይህን ሁሉ አንድ ላይ ስትጽፈው መስመራዊ ያልሆነ ዲፈረንሻል እኩልታ ወጣላት። ዓሣው በየጊዜው እንዴት እንደሚለወጥ የሚናገር ጥያቄ ነው፤ ነገር ግን የምትፈልገው ቁጥር በራሱ ተባዝቶ ስለገባበት እንደ ተተበተበ ክር ጫፉ አይያዝም።

መጀመሪያ የምታውቀውን ዘዴ ሞከረች። ዓሣውን ወደ አንድ ወገን፣ ጊዜውን ወደ ሌላው ወገን ለይታ እያንዳንዱን ለብቻው ልትፈታ ፈለገች። መረቡ ግን በየወራቱ ስለሚለዋወጥ ዓሣውና ጊዜው አልላቀቅ አሏት። ደግማ ሞከረች፤ አሁንም እንቢ አላት። በመንገድ ላይ አጥማጆች ባገኟት ቁጥር «መምህርት፣ ደረሰልን?» እያሉ ይጠይቋታል። እሷም ከኀፍረት የተነሣ በሐይቁ በኩል ማለፍ ተወች።

በመጨረሻ ድሮ ወዳስተማሯት ሽማግሌ ወደ መምህር እርገጤ ሄደች። ጡረታ ወጥተው ጓሯቸው ውስጥ ጎመን ሲኮተኩቱ አገኘቻቸው።

«ጋሼ፣ አቃተኝ» አለቻቸው።

ወረቀቱን ተቀብለው አዩት። «የምትፈልጊው ምንድን ነው?»

«የዓሣውን ቁጥር ነዋ።»

«ቁጥሩ አልነገርም ካለሽ ምን አስጨነቀሽ? አንድን ለቁጥሩ አካፍዪና የሚወጣውን ጠይቂው።»

ሉባባ አንድ ለቁጥሩ ሲካፈል ምን ማለት እንደሆነ አሰበች። ሐይቁ እንደ አንድ እንጀራ ለዓሣዎቹ ሁሉ ቢቆረስ ለእያንዳንዱ የሚደርሰው ድርሻ ማለት ነው። ዓሣው ሲበዛ ድርሻው ያንሳል፤ ዓሣው ሲያንስ ድርሻው ይሰፋል። እዚያው የጎመኑ መደብ ጥግ ተቀምጣ እኩልታውን ስለ ዓሣው ብዛት ሳይሆን ስለ ድርሻው አድርጋ ጻፈችው። በራሱ የተባዛው ነገር ጠፋ። የቀረው ለጀማሪ ተማሪዎቿ የምታስተምረው ዓይነት ቀጥ ያለ፣ መስመራዊ እኩልታ ነበር።

«ይኸን እንዴት ሳላየው ቀረሁ!» ብላ ሳቀች።

«የጨነቀው ሰው አንዱን በር ብቻ ነው የሚደበድበው» አሏት። «አንድ ነገር ግን አትርሺ። መልሱን ስታገኚ ገልብጠሽ ወደ ዓሣው መልሺው። ሰዎቹ የሚበሉት ድርሻውን አይደለም። ደግሞ ይህ ዘዴ ለሁሉም ይሠራል ብለሽ እንዳትታበዪ። አንዳንዱ በመለየት ይፈታል፣ አንዳንዱ እንዲህ በመተካት ይፈታል። አንዳንዱ ደግሞ በምንም አይፈታም። ያኔ የቆምሽበት ቦታ ወዴት እንደሚያዘነብል አይተሽ ትንሽ ትራመጃለሽ፤ ቆም ብለሽ ታያለሽ፤ እንደገና ትራመጃለሽ። እሱም መንገድ ነው።»

ሉባባ መልሱን አገኘች፤ ወደ ዓሣውም መለሰችው። አጥማጆቹ ሲሰበሰቡ እንዲህ አለቻቸው፦

«እስካሁን ይዘጋ ወይስ አይዘጋ ስትሉ ነበር። እኔ ግን መቼ ይዘጋ፣ ሲከፈትስ በስንት መረብ ይጠመድ ብዬ ጠየቅሁ። ዓሣው በሚራባበት ወራት መረብ ሁሉ ይውጣ። በቀሪው ጊዜ እያንዳንዱ ሰው የመረቡን ግማሽ ብቻ ይጣል። ይህን ከጠበቃችሁ ዓሣው ይመለሳል። ሙሉ በሙሉ ብትዘጉት የሚመለሰው ትንሽ ፈጥኖ ነው፤ ለዚያ ብላችሁ ልጆቻችሁን አታስርቡ። ግን አንድ ነገር ላስጠንቅቃችሁ። መጀመሪያ ላይ ምንም ያልተለወጠ ይመስላችኋል።»

ቡልቻ፣ «በግማሽ መረብ እንኖራለን እንግዲህ» አለ። አቶ ደቻሳም ተስማሙ። ሁለቱ ግን አሁንም አልተያዩም።

ዓመቱ አለፈ። መረቡ እንደ በፊቱ ቀሎ ነበር የሚወጣው። ቡልቻ ወደ ኮሌጁ መጥቶ ሉባባን አስጠራት። ፊቱ ከስቷል።

«መምህርት፣ አመንኩሽ። ልጆቼም በአንቺ ቃል ሆዳቸውን አሰሩ። ዓሣው ግን አልመጣም። ነገ መረቤን በሙሉ እጥላለሁ።»

ሉባባ ስሌቷ ትክክል መሆኑን ታውቃለች፤ ግን ሐይቅ ወረቀት አይደለም። በእንጨት መሬቱ ላይ መስመር ሠራችለት። መስመሩ መጀመሪያ እንደ ሜዳ ተኝቶ ይሄድና ቀስ በቀስ ቀና ይላል፤ ከዚያ ሽቅብ ይወጣል።

«እዚህ ጋ ነን» አለች፣ የተኛው ላይ ጣቷን አድርጋ። «ጥቂት ዓሣ የሚወልደው ጥቂት ነው። የሚያጠግብ አይደለም፤ ግን እየጨመረ ነው። ጋሽ ቡልቻ፣ መስመሩ ተኝቷል እንጂ አልሞተም። አሁን መረቡን ሙሉ ከጣሉ ይሞታል።»

ቡልቻ መስመሩን ትክ ብሎ አየው። «ከተሳሳትሽስ?»

«ከተሳሳትሁ መጥቼ በሰው ሁሉ ፊት እናገራለሁ። አልደበቅም።»

ቡልቻ ወደ ቤቱ ሄደ። መረቡን ግን አልጨመረም። አቶ ደቻሳ ይህን ሲሰሙ አንድ ቁና በቆሎ አስይዘው ወደ ቡልቻ ቤት ሄዱ። ምን እንደተባባሉ ማንም አልሰማም።

በተከታዩ የመራቢያ ወራት ማለቂያ መረቡ ተመልሶ ወደ ውኃው ገባ። ጠዋት ላይ ቡልቻ ብቻውን ሊስበው ሞከረ፤ አልቻለም። ጉቶ የያዘው መስሎት ጮኾ ተጣራ። ከጎን ጀልባ የነበሩት አቶ ደቻሳ ተሻግረው ሌላውን ጫፍ ያዙለት። አብረው ሲስቡት የቆሮሶው ጀርባ በፀሐይ አብለጨለጨ። ሁለቱም አብረው ሳቁ።

ወዳጆቼ፣ ብዙ ጊዜ የምንሸነፈው ነገሩ መፍትሔ ስለሌለው አይደለም። ያንኑ ጥያቄ በዚያው መንገድ ደጋግመን ስለምንጠይቅ ነው። ሊለይ የሚችለውን እንለይ። ካልተለየ ጥያቄውን እንለውጥ። እሱም እንቢ ካለ ከቆምንበት ትንሽ እንራመድና ደግመን እንይ። ደግሞም መልካም ለውጥ ሲጀምር የቆመ ይመስላልና፣ መስመሩ በተኛበት ጊዜ ተስፋ አንቁረጥ።

ዛሬ እናንተን ያቃታችሁ ነገር ምንድን ነው? ጥያቄውንስ ለውጣችሁ ጠይቃችሁት ታውቃላችሁ?