ጠፍ መሬት የጠገበው ጭቃ ሹም

«ጎረቤትህ ሲሰደድ አታልቅስ፤ ችካልህን ይዘህ ውጣ።» የአድማሱ አባት ይህን በየማለዳው፣ ገና ሳያማትቡ ይሉት ነበር። እሳቸው ሞቱ፤ ነገራቸው ግን ከልጃቸው ጋር ቀረ። እስቲ ስሙ ልጆች፣ ምን እንዳደረገው።

በድሮ ዘመን ጎሽ ሜዳ በሚባል ደጋ አገር አድማሱ የሚባል ጭቃ ሹም ነበር። ሆዱ የማይሞላ፣ ጆሮው ጠባብ። አርባ ጭስ ያለበትን መንደር ያዝዛል።

በዚያ አገር እርሻ የሚገፋው በደቦ ነው። ዛሬ የአንዱን ማሳ፣ ነገ የሌላውን፣ ከነገ ወዲያ የሦስተኛውን ይረባረቡበታል። የአድማሱ ደቦ ግን ለብቻው ነው። ሲታረስ መጀመሪያ የእሱ፣ ሲታረም መጀመሪያ የእሱ፣ ሲታጨድ መጀመሪያ የእሱ። የሰው ተራ ሲደርስ ወገቡን ያመዋል። በሬዎቹንም ያማቸዋል። ይህን ጊዜ የድሃው ዘር ዝናብ ያመልጠዋል፤ የበቀለውንም በረዶ ይጨርሰዋል። የተራበ ሰው ደግሞ ልጆቹን ይዞ ይሄዳል። ባለቤቱ ጥሎት የሄደ መሬት ጠፍ ይባላል፤ ጠፍ መሬት በአገሩ ደንብ የጭቃ ሹሙ ነው። ወገቡን ምን እንደሚያመው ገባችሁ አይደል?

መጀመሪያ የሰባት ልጆች አባት ቢሻው መጣ።

«ጌታዬ፣ የቀረኝ ዘር አንድ ቁና ነው። ዘንድሮ የእኔን እናስቀድም።»

«መሬቱ እግር አለው እንዴ?» አለ አድማሱ። «ይጠብቅሃል።»

መሬቱስ ጠበቀ። የሄደው ቢሻው ነው። ሰባት ልጆቹን አስከትሎ ወደ ቆላ ወረደ። አድማሱም የድንበር ችካሉን ይዞ ወጣ።

ቀጥላ አለሚቱ መጣች፤ ባሏ የሞተባት፣ በሁለት ወንዶች ልጆቿ የምታርስ ሴት ነበረች።

«አጫጆች ይሰብስቡልኝ፤ ደመናው ከብዷል» አለችው።

«አንቺ ደግሞ ባል የለሽ፣ መሬት ምን ያደርግልሻል?»

አለሚቱ ነጠላዋን አጣፋች። «ይሁን፤ ይውሰዱት። ሲያስነጥስዎ መሬቱ ይማርዎ ይበልዎት» ብላው ሄደች። አድማሱ ሳቀ። ችካሉን ይዞ ወጣ።

እንዲህ እንዲህ እያለ አርባው ጭስ ሃያ ሆነ፤ ሃያው አምስት ሆነ። በመጨረሻ ቄስ ወልደ ሩፋኤል መጡ።

«ጭቃ ሹም፣ ለቅዳሴ አምስት ካህናትና ዲያቆናት ያስፈልጋሉ። የቀረነው እኔና አንድ ዲያቆን ነን። ታቦቱን ወደ ማዶው ደብር ይዘን ልንሄድ ነው። ሰዎቹን ታርቀህ ብትመልስ ግን እንቀራለን።»

አድማሱ ጢሙን እያሻሸ ትንሽ አሰበ። ምን ያሰበ ይመስላችኋል?

«ታዲያ አባቴ፣ የቤተ ክርስቲያኑ መሬትስ ለማን ይሆናል?»

ቄሱ መስቀላቸውን ሳያሳልሙት ሄዱ። እግዚአብሔር ከእንዲህ ያለ ልብ ይሰውረን። የቀሩትም ሰዎች ታቦቱን ተከትለው ወጡ።

አሁን ጎሽ ሜዳ ከወንዙ እስከ ገደሉ የአድማሱ ሆነ። ሰዎቹ ከመውጣታቸው በፊት በእነሱና በቅጥረኛ ጉልበት ያዘራው ስንዴ በዚያ ዓመት አማረ። ቅጥረኞቹም ክፍያቸው ሲዘገይ ጠፍተው ነበር። ስንዴው ደረሰ፤ ራሱን ደፋ። የዓመት ቀለቡ ያለው እሱ ላይ ነው። አድማሱም እንደ ልማዱ ቋጥኝ ላይ ወጥቶ ተጣራ።

«ደቦ ነው! ነገ የእኔ ደቦ ነው!»

አንድ ቀን ተጣራ፤ የመጣ የለም። ሁለተኛ ቀን ተጣራ፤ የመጣ የለም። ሦስተኛ ቀን ሲጣራ ሚስቱ እናኑ ከታች ሆና ሰማችው።

«ማንን ነው የምትጠራው? እስቲ በስም ጥራልኝ» አለችው።

አፉን ከፈተ። ቢሻው የለም፤ አለሚቱ የለችም፤ ቄሱም የሉም። ከቋጥኙ ወረደ።

ባልና ሚስት ማጭድ ይዘው ገቡ። እስከ ቀትር ያጨዱት አንድ ጥግ ብቻ ነበር። ይህኔ ወገቡን የምሩን አመመው፤ የሚያምነው ሰው ግን አልነበረም።

ከሰዓት በኋላ ግን ደቦው መጣ። ከገደሉ ስር ዝንጀሮ በመንጋ ወረደ፤ ሽማግሌው፣ እናቲቱ፣ በጀርባዋ ያዘለችው ግልገል ሳይቀር። ጠላ አልጠየቁ፤ ተራ አልጠበቁ። ባራቱም ማዕዘን ገቡበት። አድማሱ በወዲህ ሲያባርር በወዲያ ይገባሉ፤ በወዲያ ሲያባርር በወዲህ። ድምፁ ተዘጋ፤ ቁጭ አለ።

ጨው የጫነ መንገደኛ አህዮቹን እየነዳ በዚያ አለፈ። የፈረሱትን ቤቶች፣ የተዘጋውን ቤተ ክርስቲያን አይቶ ቆመ።

«እንደምን ዋሉ ጌታዬ። ጨው የሚገዛኝ ፈልጌ ነበር። የዚህ አገር ሰዎች የት ሄዱ?»

አድማሱ ከአፈር ተነሳ፤ ጋቢውን አራገፈ። በበትሩ ከዳር እስከ ዳር አሳየው።

«ከወንዙ እስከ ገደሉ ያለው ሁሉ የእኔ ነው። ከፈለግህ አህዮችህን ፍታና እጨድልኝ፤ የፈለግኸውን ያህል መሬት እሰጥሃለሁ።»

መንገደኛው ስንዴውን አየ፣ ዝንጀሮውን አየ፣ አድማሱን አየ። ከዚያ አህዮቹን እየነዳ እንዲህ አለው፦

«እኔ የጠየቅሁዎ ሰዎቹ የት ሄዱ ብዬ ነው፤ እርስዎ የሚነግሩኝ የመሬቱን ስፋት ነው። ስፋቱንማ ዝንጀሮዎቹም አይተውታል፣ ጌታዬ።»