ኮታቸው አለ

አቶ ድንበሩ የሚባሉ የቢሮ ኃላፊ ጠዋት ኮታቸውን ወንበራቸው ላይ ሰቅለው ይወጡና የሚመለሱት ማታ ኮቱን ለመውሰድ ነበር። ባለጉዳይ ሲመጣ ጸሐፊዋ «ኮታቸው አለ፤ እዚሁ ናቸው» ትላለች።

አንድ ቀን አቶ ድንበሩ በቢሮው የምትሠራ አንዲት ወጣት የመተግበሪያ ባለሙያ አስጠሩ። «ባለጉዳይ ኃላፊው መኖሩን በስልኩ የሚያይበት መተግበሪያ ሥሪ። ‹የሉም› ካለ ትባረሪያለሽ፤ ከዋሸም ትባረሪያለሽ!»

ልጅቷ ሠርታ ለሕዝብ ለቀቀችው። አቶ ድንበሩ በስልካቸው ቢከፍቱት የኮታቸው ፎቶ ወጣ፤ ከሥሩ «ገብተዋል» ይላል። ባለጉዳዮችም «አይቆጡም» ብለው አምስት ኮከብ ሰጥተዋቸዋል።

«አንቺ! እኔን ትተሽ ኮቴን?» ብለው ጮኹ።

«ምን ላድርግ ጌታዬ፣» አለች ልጅቷ፣ «በሥራ ሰዓት እዚህ ወንበር ላይ ያገኘኋቸው ኃላፊ እሳቸው ብቻ ናቸው።»