አያ ቡላን ያከከችው ውርንጭላ

አንድ ጊዜ ዳልቻ የምትባል ውርንጭላ እግሯ እየተጠላለፈባት ከወንዙ ወደ ዘመዶቿ መስክ ሮጣ መጣችና፣ «ኧረ ጉድ፣ ኧረ ጉድ! እስካሁን እየተንቀጠቀጥኩ ነው፣ እባካችሁ ስሙኝ!» አለች። ማንም ዞር ብሎ አላያትም። ያን ቀን የአህዮቹ የቤተሰብ ጉባኤ ነበርና ትልልቆቹ ቦታ ቦታቸውን እየያዙ ነበር።

ያስደነገጣት ነገር እንዲህ ነው። ውሃ ልትጠጣ መልካው ላይ ወርዳ፣ ከሸምበቆው ወዲያ ጅብና ቀበሮ ሲያወሩ ሰማች።

«ረሃብ ገደለኝ! አሁኑኑ ሄጄ አንዷን ልዘንጥላት» ይላል ጅብ፣ ምራቁን እያዝረበረበ።

«አያ ጅቦ፣ ምን ያስቸኩልዎታል?» አለች ቀበሮ። «ነገ ማለዳ አህዮቹ ሁሉ በዚህ መልካ ይወርዳሉ። እዚሁ አድፍጠው ቢጠብቁ ድግስ ነው የሚሆንልዎት። ለእኔ ጉበት ጉበቱን ቢተዉልኝ ይበቃኛል።»

«ቢያዩንስ?»

«ቢያዩን የሚያዩን ልጆቹ ናቸው። እነሱ ጉባኤ ላይ ደግሞ ልጅ አይናገርም።»

ጅብ ትንሽ አሰበና፣ «ለመሆኑ ጉባኤው ላይ ምን ይበላል?» አለ።

ዳልቻ ሰሞኑን በእኩዮቿ መሃል ደፋር ሆናለች። ከውርንጭሎቹ ሁሉ ቀድማ የምታናፋው እሷ ናት። ትልልቆቹ ፊት ሲሆን ግን ምላሷ ይተሳሰራል። አያቷ እመት ሶራ በሕይወት ሳለች እንዲህ አልነበረም። ያኔ ጉባኤ ማለት ትልቁና ትንሹ ጎን ለጎን ቆመው፣ አንዱ የሌላውን ጀርባ በጥርሱ እያከከ የሚያወጉበት ነበር። አያቷ ካለፈች ወዲህ ሽማግሌ ከፊት፣ ልጅ ከኋላ ሆነና ወጉ ሁሉ ንግግር ብቻ ሆኖ ቀረ። ዳልቻ የአያቷ ትንፋሽ ጆሮዋ ሥር ሞቅ ይላት የነበረበት ጊዜ ክፉኛ ይናፍቃታል።

ጉባኤው ተጀመረ። ዓይኑ የደከመው አያቷ አያ ቡላ፣ «በእኛ ጊዜ ጨው ተጭነን በረሃውን ስናቋርጥ...» ብሎ ቀጠለ። ከኋላ አንዱ ውርንጭላ እንቅልፍ ወስዶታል፣ ሌላው የጓደኛውን ጭራ ይጎትታል።

«አባባ፣ መልካው ላይ...» አለች ዳልቻ።

«ዝም በይ አንቺ!» አላት አጎቷ ጭነቴ። «ገና ጥርስሽ በቅሎ ሳያልቅ ጉባኤ ላይ ልትናገሪ? ተራሽን ጠብቂ!»

«ተራዬ መቼ ነው?»

«ስታረጂ!»

ትልልቆቹ በሳቅ አናፉ። ዳልቻ እንባዋ መጣ። ቀና ስትል ግን አያ ቡላ እያወራም ትከሻውን ሲሰብቅ፣ ጀርባውን ሲያንቀጠቅጥ አየችው። የድሮ ጭነት የላጠው ቦታ ነው የሚበላው። እዚያ ላይ የምታክለት እመት ሶራ ነበረች። «ለካ እሱም ይናፍቃታል» አለች በልቧ። እየተንቀጠቀጠች በትልልቆቹ መሃል አልፋ ያንን ቦታ እከክ እከክ አደረገችለት።

«በረሃውን ስናቋርጥ... ስናቋርጥ... እሰይ! እዚያ ጋ! ትንሽ ወደ ግራ!»

የተኛውም ነቅቶ ውርንጭሎቹ ሁሉ ተንከተከቱ። አያ ቡላ ግን ዓይኑ እንባ አቀረረ። «ሶራ ካለፈች ወዲህ ይህን ቦታ የነካልኝ የለም» አለ ቀስ ብሎ። አንገቱን አዞረና እሱም በተራው ጀርባዋን ያክላት ጀመር። ወዲያው ቀጥ አለ።

«ልጄ፣ ምነው ገላሽ እንዲህ የሚርገፈገፈው?»

ጆሮው ሥር ሁሉንም ነገረችው።

«ጉባኤው እንደ ድሮው ይሁን!» አለ አያ ቡላ ጮክ ብሎ። «ሽማግሌ ከልጅ ጋር ጎን ለጎን ቁሙ። እየተካከካችሁ ተጠያየቁ።»

አጎት ጭነቴ ቅር እያለው ከአንድ ውርንጭላ ጎን ቆመ። ብዙም ሳይቆይ፣ «ምን አልክ? መልካው ላይ የጅብ ዱካ አይተሃል? ታዲያ ለምን አልተናገርክም?» ብሎ ጮኸ።

«ገና አላረጀሁማ፣ አጎቴ!»

ልጆቹም በፈንታቸው ከገደሉ ወዲያ ትልልቆቹ በልጅነታቸው ይጠጡበት የነበረ ምንጭ እንዳለ ሰሙ። ይሄ ሁሉ ዓመት አብረው ሲኖሩ የጠየቀ አልነበረም።

በማግስቱ ጅብ ፀሐይ አናቱን እስክትበሳው ድረስ መልካው ላይ ተጋድሞ፣ «እመት ቀበሮ፣ ድግሱ ዘገየሳ?» ይል ነበር። ቀበሮ ግን ነገሩ ገብቷት ከሄደች ቆይታለች።

ዳልቻ በዚያ ማለዳ ከሁሉ አስቀድማ ያደረገችው ነገር ከአያ ቡላ ጎን መቆም ነበር። የምንጩን መንገድ የሚያውቀው እሱ ነው፣ የሚያይ ዓይን ያላት ደግሞ እሷ። ቤተዘመዱን ሁሉ አስከትለው ወደ ገደሉ ወጡ።

«አባባ፣ ከፊታችን አንድ ትልቅ ሾላ ይታየኛል።»

«ዛሬም ቆሟል እንዴ?» አለ ድምፁ እየሰለለ።

«ቆሟል፣ አባባ።»

«እንግዲያው በስተግራው እለፊ፣ ልጄ።»

ከዚህ የምንማረው የቤተሰብ ስብሰባ የሚያምረው ትልቁ ሲናገር ትንሹ ዝም ስላለ ሳይሆን፣ ሁለቱ ጎን ለጎን ሆነው አንዱ የሌላውን ሲሰማ መሆኑን ነው።