የደርሶ ሽርጥ

ሥራውን በግማሽ የተወ ሰው ስናይ የምንወረውራት አንዲት አባባል አለች። ለኛ አፍ ማሟሻ ናት። ብረት ቀጥቃጩ ደርሶ ግን እግሩን ገብሮባታል፤ በሰማኋት ቁጥር ሆዴ ለሱ ይባባል።

ሰኔ ሊገባ ነው። ገበሬው ሁሉ የዶለዶመ ማረሻውን ይዞ ደርሶ ደጅ ይኮለኮላል። ደርሶና ሚስቱ ስንዱ ሰሞኑን ቀና ብለው አያውቁም፤ እሷ ወናፍ ትነፋለች፣ እሱ ይቀጠቅጣል። አሮጌው የቆዳ ሽርጡ ተበሳስቶ ስላለቀ ፍንጣሪው ጭኑን ይጠብሰዋል፤ አንዱ ቁስል ሳይሽር ሌላ ይደረብበታል። እጁን እንዳያጥፍ፣ የሚኖረው ገበሬው በመኸር በሚሰፍርለት እህል ነው። ሰኔን ያልሠራ ቀጥቃጭን አውድማ ላይ የሚያስታውሰው የለም።

ያለው ቆዳ አንድ ብቻ ነው፤ በሚያዝያ የሞተችበት የላሙ ቆዳ። ለአዲስ ሽርጥ ብሎ ዘፍዝፎ ፀጉሩን ፋቀው። የቀረው ማልፋቱ ነበር። ቆዳ ደግሞ የሚለፋው ቅባት እየጠጣ፣ በእግር እየተረገጠ፣ እጠፍ ዘርጋ ሲሉት እሺ እስኪል ድረስ ነው። ቆዳ ፋቂው ጎረቤቱ አባ ይርዳው፣ ከሥራ ስትወጣ አብረን እንረግጠዋለን ብለው ለመኑት።

“አባ፣ እግሬ እኔንም መሸከም አቅቶታል” አለ ደርሶ። “ጥሬው ቢሆንስ ምናለ? ፍንጣሪ እንደሁ ከወፍራም ቆዳ አያልፍ።”

ስንዱም ተው አለችው። አልሰማም። እርጥቡን ቆዳ በልኩ ቆርጦ፣ አንገቱና ወገቡ ላይ በጠፍር አጥብቆ አስሮ፣ እግሩን ዘርግቶ ምድጃው ፊት ተቀመጠ። እስከ ረፋድ ደህና ነበር። እንዲያውም ፍንጣሪው ቆዳው ላይ እየነጠረ ሲረግፍ አይቶ እፎይ አለ።

ምስኪን፤ ድካም ስንቱን ያስረሳል። ጥሬ ቆዳ እሳት ሲያገኘው ይኮማተራል፣ ይደርቃል። ሽርጡ ቀስ በቀስ ከወገቡ እስከ ቅልጥሙ እንደ ሳንቃ ቀጥ ብሎ ጠርንፎ ያዘው። ፍም የመሰለው ማረሻ ከጉጠቱ ሲያመልጥ፣ ደርሶ ሊነሣ ቢል ወገቡ አልታጠፍ አለ፣ እግሩን ሊሰበስብ ቢል ጉልበቱ እምቢ አለ። ማረሻው ከሽርጡ በታች ባዶ የቀሩት ሁለቱ እግሮቹ ላይ አረፈ። ስንዱ ወናፉን ጥላ እስክትደርስ ድረስ እዚያው ነበር።

አባ ይርዳው ጩኸቱን ሰምተው መጡ። ቋጠሮው አልፈታ ስላለ ሽርጡን በካራ ቀደው ገላገሉት። ቆዳው ከእንግዲህ ለምንም አይሆንም። ገበሬዎቹም አይዞህ፣ እግዜር ይማርህ እያሉ፣ ማረሻቸውን ታቅፈው አንድ ባንድ ወደ ሌላ መንደር ቀጥቃጭ አዘገሙ። የዓመት ቀለቧ ሲሄድ ስንዱ ቆማ አየችው።

“አሁንማ ልርገጠው ብልስ በየትኛው እግሬ” አለ ደርሶ፣ ዓይኑን ጨፍኖ።

አባ ይርዳው አልተቆጡም፤ እሳቸውም ደክሟቸዋል። የተቀደደውን ቆዳ አንሥተው ወደ ደጅ እየወረወሩ፣ ለራሳቸው እንደሚያወሩ ሆነው እንዲህ አሉ፦ “ምን ይደረግ ልጄ፤ ያልለፋ ቆዳ፣ ለባለቤቱ ዕዳ።”